ዳማን ልናይ ደብረ ታቦር ሄድን

ከተመለስን ወዲህ አዳማ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "መንገዱ እንዴት ነበር?" አይለኝም። "ገዛችሁ ወይስ ተዋችሁት?" ነው የሚለኝ። ባሌ ደረጀ ገና ሳንሄድ ለሰፈሩ፣ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር አውርቶት ነበርና። ለአንዱ ነግሬ ለሌላው ከምደግም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። መልሱን ቶሎ የፈለገ ትንሽ ይታገስ፤ እኔም ታግሼ ነው ያገኘሁት።

የደረጀ እናት የደብረ ታቦር ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ፈንታሁን እዚያው ዕድሜያቸውን በሙሉ የመንግሥት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንዲት ትልቅ ፎርዊል በጨረታ ገዙ። ዘንድሮ ጉልበታቸው ታመመና ደወሉልን። "ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተኝ። ለባዳ ከምሸጣት የእህቴ ልጅ ይውሰዳት" አሉ። ደረጀ ስልኩን ዘግቶ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ቀረ። ወዲያው ባሌ ተራራ፣ አርባ ምንጭ፣ ላሊበላ እያለ አገሩን ሁሉ ይቆጥርልኝ ጀመር። "ልጆቹን ይዘን እንዞራለን። ህሊና አሥራ ስድስት ሞላት፤ ትንሽ ቆይታ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ከማን ጋር ልዞር ነው?" አለኝ። ይህችን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እኔም አዘንኩለት።

ግን ደረጀን አውቀዋለሁ። ንብ ማነብ ሞክሮ ያውቃል፤ ንቦቹ የጎረቤታችንን ሠርግ በትነዋል። ጥንቸል አርብቶ ያውቃል፤ ከጥንቸሎቹ ጋር የተረፍነው እኔና ጎመኑ ነን፣ ጎመኑም አልተረፈም። ክራር ገዝቶ ያውቃል፤ ክራሩ ዛሬ የትንሹ ልጃችን የናቲ ኮፍያ መስቀያ ነው። በዚያ ላይ የኛ ከተማ ሜዳ ነው፤ ባጃጅ የሚርመሰመስበት። ያቺን የምታህል መኪና ግቢያችን በር ላይ ብትመጣ ወይ በሩ ይፈርሳል ወይ እሷ ትፋቃለች። ስለዚህ "አይሆንም" አልኩ። ደረጀ ለመነኝ፣ ለመነኝና በመጨረሻ "አብረሽኝ ሂጂና እያት። አይተሽ አይሆንም ካልሽ፣ አይሆንም። ቃሉ ያንቺ ነው" አለኝ። በዚህ ተስማማን። እኔም "አይሆንም"ን ከልብሴ ጋር አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባኋት።

ፍልሰታ ተፈቶ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ መንገዱ ሰላም ነው ብለው ባረጋገጡልን ሰሞን ከአዲስ አበባ በማለዳ ባስ ተነሳን። ናቲ ገና ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ አስመለሰው፤ ያስመለሰው ደግሞ ደረጀ ለዚህ ጉዞ ብሎ በገዛው ባርኔጣ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች የማናውቃት ሴት ሎሚ ከቦርሳዋ አውጥታ በጥርሷ ገምጣ "አሽትተው የኔ ልጅ" ብላ ሰጠችው። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ጃኬቱን እያወለቀ ሲያማርር እኔ ብቻ ደስ አለኝ፤ ልክ እንደ አዳማ ነበር የሚሞቀው። ያ ሙቀት ለሰንበቻው የመጨረሻዬ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ትንሽ በጠርሙስ እቀዳ ነበር። ማታ ባሕር ዳር ደርሰን አደርን። የሆቴሉን ልጅ "ሙቅ ውሃ አለ ወይ?" ብዬ ብጠይቀው "አለ፤ ግን ቀዝቀዝ ይላል" አለኝ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዘን በሐሙሲት፣ በወረታ አለፍን። ወረታ ላይ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ አይቼ ገረመኝ፤ ሩዝ ለኔ ከሱቅ በከረጢት የሚወጣ ነገር ነበር። ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። ኩርባ በኩርባ፣ ዳገት በዳገት። ናቲ "እማዬ፣ ደመናው ከታች ነው!" አለ። እኔ ግን የማየው የሹፌሩን እጅ ነበር።

ጋሽ ፈንታሁን መናኸሪያው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ጠበቁን። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ አንዱን ጉልበታቸውን ብቻ ይጎትታሉ። ጉንጫችን እስኪቀላ ሳሙን። ቤታቸው ስንገባ ባለቤታቸው እትዬ የሺ "ተቀመጡ" ሳይሉን በፊት ለአራታችንም ጋቢ አለበሱን። እኛ ዘንድ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እዚያ አገር ጋቢ ነው። ከዚያ ዶሮው መጣ፣ ድንቹ መጣ፣ "በሞቴ" መጣ። አንድ ጉርሻ ሳልውጥ ሌላው ከንፈሬ ላይ ይደርስ ነበር። "እትዬ የሺ፣ አፈር ስሆን ይብቃኝ" ብል "ምን በላሽና! ብርዱ ራሱ ግማሹን ይበላዋል" አሉኝ።

ከምሳ በኋላ መኪናዋን አሳዩን። ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማለች፤ ቀላ ወዳለ ቡናማ የሚወስዳት፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ረዣዥም አግዳሚ ወንበር ያላት፣ የእኛን ግቢ በር በእርግጥም የማታልፍ። ጋሽ ፈንታሁን ኮፈኗን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጉት። "ዳማ ነው ስሟ" አሉ። ዳማ እነሱ ዘንድ እንደዚህ ያለ መልክ ያለው ፈረስ የሚጠራበት ነው። ደረጀ ዞራት፣ ሥሯ ተንበረከከ፣ ሞተሯን ከፍቶ እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ዘይቱም ስለ ጎማውም ሲጠይቅ አዛውንቱ አጭር አጭር እየመለሱ ቆዩና እሳቸው ደግሞ ጠየቁት።

"ማን ማን ነው የሚሳፈርባት?"

"እኛ ነና፤ አራታችን።"

"አራታችሁ ብቻ?"

የኋላውን ወንበር ባዶ ጎተራ እንደሚያይ ሰው አዩት። "እንግዲህ ዳማ ልጄ ናት፤ ልጅ ደግሞ ቤቱ ሳይታወቅ አይሰጥም። ጥቂት ቀን አብራችኋት ሰንብቱ፤ እናንተም እዩዋት፣ እኔም ልያችሁ" አሉ። እኔ በልቤ "የሚያይስ እኔ ነኝ" አልኩ።

ሦስተኛው ቀን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወስዱን ራሳቸው መሪውን ያዙ። እኔን "ነይ ከፊት" ብለው ጎናቸው አስቀመጡኝ። ደስ አለኝ፤ መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ የሚቆይ መስሎኝ ነበር። ገና ከሰፈር ሳንወጣ ጎረቤታቸው ሐጂ ሰይድ፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ለወረታ ገበያ ጣቃቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ቆምን፤ ገቡ። ትንሽ ሄድን፤ መምሬ አድማሱ፣ የሰፈሩ ቄስ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ጃንጥላቸውን አነሱ። ቆምን፤ እሳቸው ደካማ ናቸውና እኔ ወደ ኋላ ተዛወርኩ። ከዚያ እርጉዝ ሴት፤ መምሬ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ባሰው ኋላ። ከዚያ ሁለት ሴቶች ከነዶሮዎቻቸው። ከዚያ አንድ ሰው ከሙክቱ ጋር። የፊት ወንበር የደካማ ነው፤ የዳማ ሕግ ይኸው ነው። አንድም ሰው ሳንቲም አይጠየቅም። ዓለም በር ስንደርስ እኔ መጨረሻው ጥግ ላይ ሙክቱን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። እሱም ውለታዬን ሳይረሳ ጫማዬ ላይ ሸናብኝ።

"ጋሽ ፈንታሁን፣ ይኼ የቤተሰብ ሽርሽር ነው ወይስ አውቶቡስ?" ብዬ ከኋላ ጮህኩ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ።

"እዚህ አገር ባዶ ወንበር ይዞ ሰው ማለፍ ነውር ነው፣ ልጄ!" አሉኝ በመስተዋቱ እያዩኝ። ሐጂ ሰይድ ለልጆቼ ተምር ሰጧቸው። መምሬ ጫማዬን አይተው "እንደ ጠበል ቁጠሪው" አሉኝ።

ወንዛዬ ራሱ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሶደሬ አጠገብ ለምትኖር ሴት ብርቅ አልሆነብኝም። ብርቅ የሆነብኝ ሌላ ነው። ለመታጠቢያ የምለብሰው አልያዝኩም ነበር፤ ዳር ቆሜ ስቁለጨለጭ ከውሃው የወጣች አንዲት ሴት የራሷን ነጠላ አውልቃ፣ ጨምቃ ሰጠችኝ። እሷ እርጥብ ቀሚሷን ለብሳ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች። እኛ ሰፈር የማላውቃት ሴት ነጠላዋን ብትሰጠኝ መጀመሪያ ቦርሳዬን ነበር የምይዘው።

አራተኛው ቀን ላይ የጋሽ ፈንታሁን ጉልበት አብጦ አደረ። የወንዛዬ መንገድ ነው የጎዳቸው። እንግዲህ ጉና ሥር የምትኖረው የእትዬ የሺ እህት ጋ ጨውና ስኳር የምናደርሰው በደረጀ ነጂነት ሆነ። ደረጀ ከደስታው ብዛት ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሳ። እኔም "ዛሬ እንኳ አራታችን ብቻ እንሁን" አልኩት፤ ጫማዬ ገና አልደረቀም ነበራ።

አስፋልቱ ላይ ደህና ነዳ። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ጉና ስናቀና ግን ጭቃ መጣ፤ ቀጥሎም ዳገት። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። በዳገቱ ወገብ ላይ አንዲት አሮጊት ገሳቸውን ለብሰው፣ ከሣር የተሠራ የዝናብ ልብስ ነው፣ ጀርባቸው ላይ ሸክም አዝለው ቆመዋል። ዳማን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እጃቸውን ያነሱት እንደ ለማኝ አይደለም፤ የገዛ ልጁን መኪና እንደሚያስቆም ሰው ነው።

ደረጀ አለፋቸው።

"አባዬ! አባዬ ቁም!" አለች ህሊና። አልቆመም። መሪውን ጨምድዶ ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ዞር ስል አሮጊቷ እጃቸውን ገና አላወረዱም ነበር። እኔን ለማስደሰት ያደረገው መሰለኝ፤ ደስታ ግን አልተሰማኝም። ህሊና ከዚያ በኋላ ከአባቷ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም።

መኪናው የሚሄድበት መንገድ ሲያልቅ ሜዳ ላይ አቁመናት በእግር ወጣን። እትዬ ጥሩ፣ የእትዬ የሺ እህት፣ የገብስ ዳቦ፣ ትኩስ ድንች በዳጣ፣ ነጭ ማር አቀረቡልን። ያንን ድንች የበላ ሰው አዳማ ተመልሶ ድንች አይበላም፤ እኔ ይኸው ተውኩ። ናቲ በቅሎ ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ ጭቃ ሆነ፣ ደግሞ ወጣ። እትዬ ጥሩ ናቲን የልጃቸውን ወፍራም ካፖርት አልብሰው ሰደዱልን፤ "መልሱልኝ" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ደረጀ ግን አልበላም፣ አልሳቀም። "ቀዝቅዞኝ ነው" አለ።

ስንመለስ ጋሽ ፈንታሁን በራቸው ላይ ቆመዋል። "ደህና ገባችሁ" ብቻ አሉን። እራት በላን። እጃቸውን ታጥበው ፎጣውን አጥፈው አስቀመጡና "ዳማ አትሸጥም" አሉ።

እትዬ የሺ ሰሃን ማንሳታቸውን ተዉ።

"እታለም ከዳገቱ ደወለችልኝ። 'ፈንታሁን፣ ምን ብበድልህ ተቀየምከኝ? ዳማ አይታኝ አለፈችኝ' አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሰማሁ።" ወደ ደረጀ ዞሩ። "የእህቴ ልጅ ነህ፤ ቤቴ ቤትህ ነው። ባዶ ወንበር ይዞ አሮጊት ለሚያልፍ ሰው ግን ዳማን አልሰጥም።"

አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይሏል ይኼ ነው። ደረጀ አቀረቀረ፤ አልተከራከረም። እኔ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ "አይሆንም" ብዬ ሳልናገር አይሆንም ተባለልኝ። ደስ አለኝም፤ እስከ መኝታ ሰዓት እንኳ ያልቆየ ደስታ ነበር።

በማግሥቱ ዝናብ ነበር። ደረጀን ዳማ ሥር፣ ቆርቆሮው ዳስ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ለኔ ብለህ ነው ያለፍካቸው?" አልኩት።

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

ከዳማ ጎማ ላይ ጭቃ በጣቱ ፋቀ። "ብቆም ማስነሳት አልችልም ነበር" አለኝ።

አልገባኝም። አስረዳኝ። የእኛ ትንሿ መኪና አውቶማቲክ ናት፤ ማርሽ የነካው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ነው፣ እሱም ሜዳ ላይ። ዳገት ላይ ከቆመ፣ ፍሪሲዮን ሲለቅ ዳማ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤ ከኋላ ደግሞ ገደል ነው፣ ውስጧ ደግሞ እኛ ነን። "ልጆቼን ይዤ ገደል ከምገባ ብዬ ረገጥኩት" አለ። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

"ታዲያ ለምን ይህን አልነገርካቸውም?"

"ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ ለኖሩ ሰው? መንዳት አልችልም ብዬ? ክፉ ነው ይበሉኝ፤ ይሻለኛል። አንቺም እንዳትነግሪያቸው።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብል እኔ የፈለግኩት ሆኖ ያልቅ ነበር፤ ዳማ እዚያው ትቀራለች፣ ግቢያችን በሩን ይዞ ይኖራል። ቤት ስገባ ግን ህሊና መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። "እማዬ፣ አባዬ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው?" አለችኝ። አባቷ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ከእሷ ጋር ለመዞር ነው፤ እሷ ደግሞ አባቷን ማየት ጠልታለች። ይህማ አይሆንም፣ ብዬ ወደ ዳሱ ተመለስኩ።

"ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ ሽማግሌ እልካለሁ" አልኩት።

"ሽማግሌ? ለመኪና?"

"ልጄ ናት አላሉም? እንግዲህ እንደ ልጅ ትጠየቃለች።"

ደረጀ ጋቢውን በራሱ ላይ ተከናነበ። አትሂጂ ግን አላለኝም።

መምሬ አድማሱና ሐጂ ሰይድ እንዲህ ያለ ሽምግልና በዕድሜያቸው ገጥሟቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ፤ ነገሩኝና ጃንጥላቸውን ይዘው ፈጥነው ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም በጋሽ ፈንታሁን ደጃፍ፣ አንዱ በጥምጥም አንዱ በቆብ፣ ተሰልፈው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መምሬ፣ ልክ ለሠርግ እንደሚሉት።

"ምንድን ነው የመጣችሁበት?"

"ልጅዎን ዳማን ለመጠየቅ ነው።"

ጋሽ ፈንታሁን ሊስቁ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ያዙት። "ሰውየው ልበ ደረቅ ነው፤ አልሰጥም።"

"ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" አሉ ሐጂ ሰይድ። "ሥሩን የምታውቀው ይቺ ናት። ተናገሪ እህቴ።"

ከኋላቸው ወጥቼ ፊት ቆምኩ። "ጋሽ ፈንታሁን፣ ልቡ ደረቅ አይደለም። ዳገት ላይ ማስነሳት አይችልም። ፈርቶ ነው።"

የጋሽ ፈንታሁን ከዘራ ወደቀ። ሳቁ። ጉልበታቸውን ይዘው "ወይኔ ጉልበቴ፣ ወይኔ ጉልበቴ" እያሉ ሳቁ። እትዬ የሺ ከጓዳ ሮጠው ወጡ፤ ሲነገራቸው እሳቸውም ተቀመጡና ሳቁ። ደረጀ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሰምቷል። ህሊና ከመስኮቱ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

"አባዬ፣ ፈርተህ ነው?"

ሰዉ ሁሉ አየው። "አዎ፣ ፈርቼ ነው" አለ።

ተጠመጠመችበት። ይህ ሰው ንብ ሲነድፈው አልፈራሁም፣ ሥራ ሊያጣ ሲል አልፈራሁም ብሎ የሚኖር ነው። ከተጋባን ጀምሮ ፈራሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን የወደድኩትን ያህልም ወድጄው አላውቅም።

ጋሽ ፈንታሁን ወዲያው ስልካቸውን አነሱ። "እታለም! ኧረ እኔ ምን ብዬ ልቀየምሽ! የእህቴ ልጅ ዳገት ፈርቶ ነው!" ብለው እስከ ጉና በሚሰማ ድምፅ ጮኹ። እንግዲህ አገሩ ሁሉ ሰማ። ደረጀ ግንባሩን ያዘ። ሽማግሌዎቹ ግን ያኔ ተቀመጡ፤ ጠላም ለመምሬ፣ ሻይም ለሐጂ ቀረበ።

"ታዲያ ልጅቷስ?" አሉ መምሬ።

"ነገ ጋፋት ዳገቱ ላይ ይታያል" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

ጋፋት ከከተማው ቅርብ ነው፤ ድሮ የንጉሡ መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው ይላሉ። ዛሬ እርሻና የእግር መንገድ ነው፣ ከከብት በቀር የሚያስቸግር የለም። ደግሞም ከኋላው ገደል የለውም፣ የሣር ሜዳ ነው። በጠዋት ወጣን። ጋሽ ፈንታሁን ከደረጀ ጎን፤ መምሬና ሐጂ ከኋላ። "ባዶ መኪና መንዳት ሁሉም ይችላል፤ ሰው ጭነህ ነው የምትማረው" አሉት ደረጀን፤ ሽማግሌዎቹም "ለመንን አይደል? እስከ መጨረሻው አለንበት" ብለው ወጡ። እኔና ልጆቹ ዳር ቆመን ከጎማው ኋላ ድንጋይ አዘጋጀን። የሰማ ሁሉ ከእርሻው እየመጣ ቆመ።

"እጅ ፍሬን ያዝ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ። ድምፁ ሲለወጥ ነዳጅ ስጥ፤ ከዚያ እጅ ፍሬኑን ልቀቅ።"

ሞተሩ ጠፋ። እንደገና። ዳማ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ከውስጥ "በስመ አብ!" እና "ቢስሚላህ!" በአንድ ጊዜ ተሰማ። እንደገና ጠፋ። ደረጀ ላብ በላብ ሆነ፤ በዚያ ብርድ! "መድፉን ከዚህ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ነው የጎተቱት፤ አንተ በሞተር አቃተህ?" አሉት ጋሽ ፈንታሁን። መምሬ ከኋላ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ "ተወው፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አሉ። ሰዉ በሳቅ አለቀ፤ ደረጀም ራሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔ እንደማስበው የቻለው በዚያ ሳቅ ነው። ትከሻው ወረደ። ቀጥሎ ሲሞክር ዳማ ቆመች፣ አጉረመረመች፣ ሳትንሸራተት ወደ ላይ ሄደች። መሃል ዳገት ላይ ቆመ። ተነሳ። ደግሞ ቆመ። ደግሞ ተነሳ። ህሊና እልል አለች፤ የእርሻው ሴቶች ተቀበሏት። ናቲ ድንጋዩን ወርውሮ ሮጠ።

ጋሽ ፈንታሁን ወርደው በሩን ተደግፈው ቆሙ። "እኔ ፈቅጃለሁ" አሉ፣ በሩን መታ መታ እያደረጉ። "ዳማ የእሱ ናት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ግን ቃሉ የሷ ነው ብሎኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

በዚያ ሁሉ ግርግር እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ረስቼው ነበር። ደረጀ መሪውን ይዞ ቀና አላለም። ጆሮው ግን ቀልቷል፤ እንደ ተማሪ ውጤቱን የሚጠብቅ። በሹፌሩ በኩል ሄጄ በሩን ከፈትኩ።

"እንገዛታለን" አልኩ።

እልልታው እንደገና ሊጀምር ሲል እጄን አነሳሁ። "ገና ነው፣ ቆዩ። ደረጀ፣ አሁን ውረድ።"

"ለምን?" አለ ደንግጦ።

"እኔም ልማራ።"

መምሬና ሐጂ ተያዩ። ደረጀ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ ሞተር ሲያጠፋ፣ እንደገና ሲንሸራተት ከወንበራቸው ንቅንቅ ያላሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ይህን ሲሰሙ ጃንጥላቸውን ሰብስበው ተከታትለው ወረዱ። ደረጀ ግን በዳማ ፊት በኩል ዞሮ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።